ማኔጅመንት ሰርቨራችን ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን አለበት ተባልን፤ ፓች ማድረግ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ኔትወርክ አድሚን ነኝ። ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ላፕቶፖችን ከአንድ ቦታ የምናስተዳድርበት የደኅንነት ማኔጅመንት ሰርቨር አለን። ባለፈው ሳምንት አምራቹ ‹ከባድ የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ክፍተት ተገኝቷል፣ በአስቸኳይ አሻሽሉ› የሚል ማስታወቂያ ላከ። እኔ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ሲባል የማውቀው ዌብሳይት ላይ የሎጊን ሳጥን ውስጥ ጥቅስ ምልክት አስገብቶ መግባትን ነው። ይሄ ግን ራሱ የደኅንነት ሶፍትዌር ነው። የሎጊን ገጹም ከውጭ አይታይም። ከቤት ለሚሠሩት ላፕቶፖች ብለን አንድ ፖርት ብቻ ከፍተናል። አለቃዬ ‹ፋየርዎል ጀርባ ነው፣ ወር መጨረሻ ላይ ይደረጋል› ይለኛል። እውነት ያን ያህል ያስቸኩላል? ፓች ካደረግኩ በኋላስ ሌላ የሚጠበቅብኝ ነገር አለ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ አዎ ያስቸኩላል። ወር መጨረሻ ድረስ የሚቆይ ሥራ አይደለም። ፓቹ (ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ) ብቻውንም አይበቃም፤ በሩን ይዘጋልሃል እንጂ ቀድሞ የገባ ሰው ካለ አያስወጣልህም። ከጥያቄህ ውስጥ እኔን ያስደነገጠችኝ ደግሞ «አንድ ፖርት ብቻ ከፍተናል» ያልካት ናት። ፖርት ከኔትወርክ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበት ቁጥር ያለው በር ነው፤ ጣጣው የሚመጣው በዚያች ፖርት ሊሆን ይችላል። የምርቱን ስም ስላልጠቀስክ ሁኔታህን በጣም በሚመስል፣ ዝርዝሩ በይፋ በታወቀ አንድ ጉዳይ ላስረዳህ። የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ሎጊን ሳጥኑ። ኤስኪውኤል ፕሮግራሞች ዳታቤዝን የሚያዙበት ቋንቋ ነው። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ያየነው ምሳሌ እሱ ስለሆነ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የዌብሳይት ችግር ይመስለናል። ችግሩ ግን ከሳጥኑ ጋር አይደለም። አንድ ፕሮግራም ከውጭ የመጣን ጽሑፍ ወስዶ ለዳታቤዝ ከሚልከው ትእዛዝ ጋር እንዲሁ ከቀጠለው፣ ጽሑፉ ከየትም ይምጣ ክፍተቱ አለ። ከሳጥን ሊመጣ ይችላል። ከሞባይል አፕ ሊመጣ ይችላል። ማንም ሰው በዓይኑ አይቶት ከማያውቀው፣ ሁለት ማሽኖች እርስ በርስ ከሚለዋወጡት መልእክትም ሊመጣ ይችላል። የደኅንነት ማኔጅመንት ሶፍትዌር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተረስቶ የሚቀረው ይሄኛው ነው።

እንዴት እንደሆነ እንየው። ላፕቶፑ ላይ ያለው ኤጀንት (የሰርቨሩን ትእዛዝ የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ወደ ሰርቨሩ ሲደውል «መለያዬ ይሄ ነው» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ሰርቨሩ ደግሞ ያንን መለያ ይዞ ዳታቤዙን ይጠይቃል። ጥያቄውን በአማርኛ ብንጽፈው ይህን ይመስላል፦

አምጣ ከመሣሪያዎች ሠንጠረዥ፣ መለያ = 'ሀ123'

አሁን አጥቂው እንደ ላፕቶፕ መስሎ ይደውልና መለያ በሚጠበቅበት ቦታ ሌላ ነገር ይልካል። ሰርቨሩ የደረሰውን ሳይመረምር ስለሚቀጥለው ዳታቤዙ ጋ የሚደርሰው ይሄ ይሆናል፦

አምጣ ከመሣሪያዎች ሠንጠረዥ፣ መለያ = 'ሀ123'; 10 ሰከንድ ጠብቅ; --'

ከሀ123 ቀጥላ የገባችው ጥቅስ ምልክት መለያውን ዘጋችው። ከእሷ በኋላ ያለውን ዳታቤዙ እንደ መለያ አያነበውም፤ ትእዛዝ ነው ብሎ ይወስደዋል። ሁለቱ ሰረዞች ደግሞ የተረፈውን ጭራ እንደ ማስታወሻ ቆጥሮ እንዲያልፈው ያደርጉታል። ሰርቨሩ መልስ ሳይሰጥ 10 ሰከንድ ዝም ካለ አጥቂው ያስቀመጥኩት ትእዛዝ ተፈጽሟል ማለት ነው ብሎ ይደመድማል። ምንም ዳታ መስረቅ አላስፈለገውም። ሎጊን ገጽም አላየም። ከዝምታው ብቻ በሩ ክፍት መሆኑን አወቀ።

ይህ ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ምሳሌ አይደለም። ፎርቲክላየንት ኢኤምኤስ የሚባለው የደኅንነት ኩባንያው ፎርቲኔት ምርት ላይ የተገኘው፣ ሲቪኢ-2023-48788 የሚል የታወቁ ክፍተቶች መለያ ቁጥር የተሰጠው ክፍተት በዚህ መልክ ነው የተፈተነው። ኢኤምኤስ ልክ እንደ እናንተ ሰርቨር ላፕቶፖች ላይ ያለውን ኤጀንት ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ነው። ኤጀንቶቹ በፖርት 8013 ይደውላሉ። አንድ አገልግሎት ስልኩን ያነሳል፤ ሌላ አገልግሎት ደግሞ የመጣውን መልእክት ወደ ዳታቤዝ ጥያቄ ይለውጣል። የኤጀንቱ መለያ የሚቀመጥበት ቦታ ሳይጣራ ወደ ጥያቄው ውስጥ ይገባ ነበር። ለዚህ ደግሞ የተጠቃሚ ስምም ፓስወርድም አያስፈልግም። ፖርቱ ላይ መድረስ በቂ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው። ከኢኤምኤሱ ጀርባ ያለው ዳታቤዝ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው። ማይክሮሶፍት ውስጡ ኤክስፒ ኮማንድ ሼል የሚባል ነገር አስቀምጧል፤ ዳታቤዙ በቀጥታ የዊንዶውስ ትእዛዝ እንዲያስኬድ የሚፈቅድ ነው። ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ዳታቤዙን የሚያነጋግረው በከፍተኛ ሥልጣን ከሆነ፣ ኢንጀክት ያደረገ ሰው በዚያው ሥልጣን መልሶ ያበራዋል። ኢኤምኤስ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አንዲት ያልተጣራች መለያ ሰርቨሩ ላይ በሲስተም ሥልጣን (የዊንዶውስ ከፍተኛ ሥልጣን) የፈለጉትን ትእዛዝ እስከማስኬድ አደረሰች።

ኢኤምኤስን የያዘ ሰው ምን ያገኛል? እዚህ ላይ አለቃህ «አንድ ሰርቨር ነው» ብሎ እንዳያልፈው። ማኔጅመንት ሰርቨር ማለት የሕንፃውን ቁልፍ በሙሉ በአንድ ዘለላ የያዘው ዘበኛ ነው። ሶፍትዌር ወደ ሁለት መቶው ላፕቶፕ ይልካል። «ይህን ፎልደር ስካን አታድርግ» የሚለውን ትእዛዝም የሚያስተላልፈው እሱ ነው። የአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች መዝገብ) ማንበቢያ አካውንት ውስጡ ተቀምጧል። የትኛው ማሽን የማን እንደሆነ፣ በየትኛው አይፒ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንዳልተሻሻለ ያውቃል። አጥቂ ላፕቶፖቹን አንድ በአንድ ከሚያሳድድ ይሄን አንዱን ቢይዝ ይመርጣል።

«ወር መጨረሻ» ለሚለው ደግሞ ቀኖቹን ቁጠርለት። ፎርቲኔት ክፍተቱን ያሳወቀውና ማሻሻያውን ያወጣው መጋቢት 12፣ 2024 ነው። መጋቢት 21 ሆራይዘን ስሪ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ ድርጅት ክፍተቱ እንዴት እንደሚሠራ ከማረጋገጫ ኮዱ ጋር አሳተመ። መጋቢት 25 የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ሲሳ በገሃድ ጥቃት እየተፈጸመባቸው ካሉ ክፍተቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ከማስታወቂያው እስከ ጥቃቱ ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላም። ማሻሻያ ሲወጣ ተመራማሪውም አጥቂውም የድሮውን ፋይል ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ የተለወጠችውን መስመር ይፈልጋል። ማሻሻያው ራሱ ክፍተቱ የት እንደነበር ይናገራል። ስለዚህ ማስታወቂያው ከደረሰህ ጊዜ አንስቶ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው።

አጥቂዎቹ ገብተው ያደረጉትን ማወቅም ይጠቅምሃል፤ ምን እንደምትፈልግ ይነግርሃልና። ብዙዎቹ ቫይረስ አይደለም የጫኑት። ስክሪንኮኔክትና ኤኒዴስክ የመሳሰሉ ሕጋዊ የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞችን ነው የጫኑት። አንቲቫይረስ ብዙውን ጊዜ እነዚህን አይጮህባቸውም፤ የአይቲ ክፍል በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ናቸው። ከዚያ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መጋቢት 2025 ላይ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሜዱሳ ስለተባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሶፍትዌር) ባወጡት ማስጠንቀቂያ ውስጥ፣ ቡድኑ መግቢያ ካደረጋቸው ክፍተቶች አንዱ ይኸው የኢኤምኤስ ክፍተት ነበር። ማሻሻያው ከወጣ አንድ ዓመት ሞልቶት ነበር።

«ፋየርዎል ጀርባ ነው» የሚለው ክርክርስ? ፋየርዎል ክፈት ያልከውን ፖርት ይከፍታል። ከቤት የሚሠሩት ላፕቶፖች እንዲደውሉ 8013ን ወይም የእናንተን ምርት ተመሳሳይ ፖርት ለኢንተርኔት ከከፈትከው፣ ለላፕቶፖቹ ብቻ አይደለም የከፈትከው። ለዓለም ነው የከፈትከው። ፋየርዎሉ የደወለው የሂሳብ ክፍል ላፕቶፕ ይሁን ሌላ ሰው አያውቅም። ፖርቱ ጨርሶ ለውጭ ባይከፈትም እንኳን ውስጥ ያለ አንድ የተጠቃ ማሽን ይበቃል።

ሌላው ጥያቄህ የደኅንነት ኩባንያ እንዴት እንዲህ ያለ ስሕተት ይሠራል የሚል ይመስለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔንም ያናድደኛል። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ከ1998 ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ነው። መድኃኒቱም የዚያኑ ያህል የታወቀ ነው፦ ትእዛዙንና ዳታውን ለየብቻ መላክ። ፕሮግራመሩ መጀመሪያ የጥያቄውን ቅርጽ ለዳታቤዙ ይሰጣል፤ ባዶ ቦታውንም ያሳየዋል። ከዚያ መለያውን ለብቻው ያቀብላል። ዳታቤዙ ባዶ ቦታው ውስጥ የገባውን ምንም ይሁን ምን እንደ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያየው። ጥቅስ ምልክት ቢኖርበትም ትእዛዝ አይሆንም። ፓራሜትራይዝድ ኩዌሪ የሚባለው ይህ ነው። በየትኛውም የፕሮግራም ቋንቋ አለ፣ ዋጋ አያስከፍልም፣ ከባድም አይደለም።

ሲሳና ኤፍቢአይ በዚህ ጉዳይ ላይ ለሶፍትዌር አምራቾች የጋራ ማሳሰቢያ አውጥተዋል። ዓይነቱ ስሕተት ቢያንስ ከ2007 ጀምሮ «ይቅር የማይባል» ተብሎ ሲጠራ እንደቆየም አስታውሰዋል። ማሳሰቢያው የወጣው መጋቢት 25፣ 2024 ነው። የኢኤምኤሱ ክፍተት ጥቃት ከሚፈጸምባቸው ዝርዝር ውስጥ የገባበት ቀን ነው።

እኔ እንደማየው ነገሩ የሚሠወረው «ይሄ ከራሳችን ኤጀንት ነው የሚመጣው» በሚል እምነት ውስጥ ነው። ሎጊን ገጹን ሁሉም ይፈትሸዋል። ሁለት ፕሮግራሞች በውስጥ የሚያወሩበትን መስመር ግን «ሌላኛውን ጫፍም እኛ ነን የጻፍነው» ብለው ያልፉታል። አጥቂ ግን ኤጀንቱን መጠቀም አይገደድም። የኤጀንቱን አነጋገር አጥንቶ ራሱ ይደውላል።

ይህን የሚያሳይ ሌላ ጉዳይ አለ። ፎርቲዌብ የሚባለው ምርት የዌብ አፕሊኬሽን ፋየርዎል ነው፤ ሥራው ኤስኪውኤል ኢንጀክሽንን ጨምሮ ወደ ዌብሳይቶች የሚላኩ ጥቃቶችን መከልከል ነው። ሐምሌ 8፣ 2025 ራሱ ላይ ሲቪኢ-2025-25257 የተባለ የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ክፍተት ይፋ ሆነ። ቦታው ደግሞ ሌሎች የፎርቲኔት መሣሪያዎች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት ቶክን ነው። «ይህ ቶክን የማን ነው?» ብሎ ዳታቤዙን ሲጠይቅ ቶክኑን እንዲሁ ቀጥሎት ነበር። ማንነትን ለማረጋገጥ የተጻፈው ኮድ ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው የሚገባበት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ትምህርት የሚሆን ዝርዝር አለ። ኮዱ ቶክኑን የሚያነበው እስከ 128 ፊደል ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታ ሲያገኝም ይቆማል። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ «በዚህች ጠባብ ቦታ ምን ሊደረግ ይችላል?» ይላል። ተመራማሪዎቹ በክፍት ቦታ ፈንታ የኮሜንት (የማስታወሻ) ምልክት አስገቡ፤ ዳታቤዙ ኮሜንትን እንደ ክፍት ቦታ ነው የሚቆጥረው። ከዚያ ዳታቤዙ ፋይል እንዲጽፍ አደረጉት። ፋይሉን ያስቀመጡት ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲነሣ በራሱ የሚያነበው ፎልደር ውስጥ ነው። የፓይተን ገጽ ሲጠሩ ፋይሉ ተነበበ፣ ትእዛዛቸው ተፈጸመ። ይህ ሁሉ ሐምሌ 11 ላይ ታትሞ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። ጥቃቱም ወዲያው ተከተለ። «ፊደል ቆጥረን ገድበነዋል» ወይም «ጥቅስ ምልክት እናጣራለን» የሚል አምራች ካጋጠመህ ይህን አስታውስ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዛሬ ማታ ከቢሮ ሳትወጣ ብታደርገው ደስ የሚለኝ መጀመሪያ ፖርቱን ነው። ለኢንተርኔት የተከፈተውን ዝጋው። ከቤት የሚሠሩት ለጥቂት ቀን ፖሊሲ ላይደርሳቸው ይችላል፤ ይሄን መታገሥ ይቻላል። ኤጀንቱ ላፕቶፑ ላይ መሥራቱን አያቆምም፤ መጨረሻ የተቀበለውን ይዞ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ መልሰህ ስትከፍት በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) በኩል ብቻ እንዲመጡ አድርግ።

ሁለተኛው፣ ፓቹን ከመጫንህ በፊት ማስረጃውን አስቀምጥ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ፓቹ ነው፤ ትክክልም ነው። ግን ማሻሻያው አገልግሎቶችን ደጋግሞ ያስነሣል። ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ በተነሣ ቁጥር አዲስ የኤረር ሎግ ይጀምራል፤ ካላስተካከልከው የሚያስቀምጠው የቀድሞ ሎግ ስድስት ብቻ ነው። ማሻሻያው አልሳካ ብሎህ ሰርቨሩን ሰባት ጊዜ ብታስነሣው ማስረጃህ ይጠፋል። ስለዚህ የሎግ ፎልደሮቹን በሙሉ፣ የዳታቤዙንም የሶፍትዌሩንም፣ ወደ ሌላ ማሽን ገልብጥ። ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ከነሜሞሪው ስናፕሾት (የዚያች ቅጽበት ሙሉ ቅጂ) ውሰድ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብህም።

ከዚያ ፓቹን ጫን። የቨርዥን ቁጥሩን ከአምራቹ ማስታወቂያ ጋር አስተያይ። በኢኤምኤስ ጉዳይ ለምሳሌ ከ7.2.0 እስከ 7.2.2 እና ከ7.0.1 እስከ 7.0.10 ያሉት ተጋላጭ ነበሩ፤ የተስተካከለው በ7.2.3 እና በ7.0.11 ነው። «አሻሽለናል» ብሎ ወደ 7.2.2 የወጣ ሰው ምንም አላደረገም። ከተጫነ በኋላም ሶፍትዌሩ ራሱ የሚያሳየውን ቁጥር ተመልከት፤ «ተጠናቋል» የሚለውን መልእክት አትመን።

አሁን ፍተሻው ይመጣል። የገለበጥካቸውን የኤስኪውኤል ሰርቨር ኤረር ሎጎች ክፈትና ኤክስፒ ኮማንድ ሼል የሚለውን ስም ፈልግ። አንድ ሰው ሲያበራው ቅንብሩ ከ0 ወደ 1 ተቀየረ የሚል መስመር ይጻፋል። አጥቂው ሥራውን ጨርሶ ቢያጠፋውም ከ1 ወደ 0 የሚለው መስመር ይጻፋል። ስለዚህ አሁን ጠፍቶ ማግኘትህ ብቻውን አያጽናናህ፤ ታሪኩን እይ። መስመሩ ካለና እናንተ ካላበራችሁት፣ ሰርቨሩ ተይዟል ብለህ ቀጥል። ከዚህ ሌላ የኤስኪውኤል ሰርቨር ፕሮሰስ ኮማንድ ፕሮምፕት ወይም ፓወርሼል ያስነሣበት ጊዜ ካለ ያ ደግሞ የጤና አይደለም። ዳታቤዝ ፓወርሼል የሚከፍትበት ምክንያት የለውም።

ከዚያ ያልጫናችሁት የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ካለ ፈልግ፤ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ላፕቶፖቹም ላይ። ኤኒዴስክ ለሥራ የምትጠቀሙ ከሆነ መቼ እንደተጫነና ማን እንደጫነው አረጋግጥ። አዲስ የአድሚን አካውንት እይ፤ በዊንዶውሱም፣ በማኔጅመንት ኮንሶሉም፣ በዳታቤዙም። የስካን ማግለያ ዝርዝሩን መመልከትም አትርሳ፤ ማንም ያላስገባው ፎልደር እዚያ ካለ ከባድ ምልክት ነው። ፋየርዎሉ ሎግ ላይ ደግሞ ማኔጅመንት ሰርቨሩ ወደ ውጭ የት የት እንደደወለ ተከታተል። መደወል ያለበት ወደ አምራቹ የማሻሻያ አድራሻዎች ነው፤ ከዚያ ሌላ የሚደውልበት ቦታ ብዙ ሊኖረው አይገባም።

ፍተሻው ምንም ባያገኝስ? ፖርቱ ለኢንተርኔት ክፍት የነበረ ከሆነ እኔ ፓስወርዶቹን እቀይራለሁ። ለምን እንደምል ሶፎስ በተባለው የደኅንነት ኩባንያ ጉዳይ ላሳይህ። ሚያዝያ 2020 ላይ የሶፎስ ኤክስጂ ፋየርዎሎች በኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ተጠቁ፤ ክፍተቱ ሲቪኢ-2020-12271 ነው። ጥቃቱ የጀመረው ማንም ክፍተቱን ከማወቁ በፊት ነው። የተጋለጡት የአድሚን ገጻቸውን ወይም የተጠቃሚ ፖርታላቸውን ለኢንተርኔት የከፈቱት ናቸው። ሶፎስ በጥቂት ቀን ውስጥ አስቸኳይ ማሻሻያ በራሱ ወደ መሣሪያዎቹ ላከ፤ ያ ጥሩ ሥራ ነበር። ነገር ግን በዚያ ጊዜ አጥቂዎቹ የሎካል ተጠቃሚዎችን ስምና ሀሽ የተደረጉ (በቀጥታ ወደማይነበብ ቅርጽ የተለወጡ) ፓስወርዶች ወስደዋል። በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ታኅሣሥ 2024 ላይ አንድ ቻይናዊ ሲከስ የተጠቁት ፋየርዎሎች ወደ 81,000 እንደሚሆኑ ገልጿል። ማሻሻያው ፋየርዎሉን አዳነ፤ የተወሰደውን ፓስወርድ ግን መመለስ አይችልም። ሶፎስም ለተጠቁት ደንበኞቹ የሎካል አካውንቶችን ፓስወርድ በሙሉ ቀይሩ ያለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሰርቨሩ ውስጥ የተቀመጠውን ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፍ። የኮንሶሉ አድሚኖች፣ የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ማንበቢያ አካውንት፣ የዳታቤዙ አካውንት፣ ኢሜይል የሚልክበት አካውንት፣ ከፋየርዎሎች ጋር የሚያወራበት የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራም ለፕሮግራም የሚያሳየው ፓስወርድ)፣ የቪፒኤን የጋራ ቁልፍ። ሁሉንም ቀይር። በተለይ የአክቲቭ ዳይሬክተሪው አካውንት «ለጊዜው» ተብሎ ዶሜይን አድሚን (በድርጅቱ ኔትወርክ ሁሉ ላይ ሥልጣን ያለው) ተደርጎ ከነበረ መጀመሪያ እሱን ያዝ። ለማንበብ የማንበብ ሥልጣን ብቻ ይበቃዋል።

እግረ መንገድህን የተረሱ ሰርቨሮችንም ቁጠር። የፋየርዎል አምራቹ ፓሎ አልቶ ኤክስፔዲሽን የሚባል መሣሪያ ነበረው፤ ከሌላ አምራች ፋየርዎል ወደ እነሱ ስትዛወር ቅንብሩን የሚለውጥልህ። ሥራው አንዴ ነው፤ ከዚያ ብዙ ቦታ ሳይጠፋ ይቀራል። ጥቅምት 2024 ላይ ያለ ምንም ሎጊን የሚሠራ የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ክፍተት ተገኘበት፤ የተጠቃሚ ስሞች፣ የፓስወርድ ሀሾች፣ የፋየርዎል ቅንብሮችና የኤፒአይ ቁልፎች የሚያወጣ ነበር። ኅዳር ላይ ጥቃት እየተፈጸመበት መሆኑ ተረጋገጠ። እናንተ ጋ ፕሮጀክቱ አልቆ ሰርቨሩ የቀረ ነገር ካለ ዛሬውኑ አጥፋው።

አንድ ያልጠየቅከኝ ግን እኛ አገር ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ፤ የሳፖርት ውል። ብዙ አምራቾች ማሻሻያውን ለማውረድ ያልተቋረጠ ውል ይጠይቃሉ። ውሉ ደግሞ በዶላር ነው፤ የውጭ ምንዛሪ እስኪገኝ ስንት ወር እንደሚሄድ ታውቀዋለህ። ውላችሁ አልቆ ከሆነ ዝም ብለህ አትጠብቅ። ለሻጩም ለአምራቹም በቀጥታ ጻፍ፤ የክፍተቱን ቁጥር ጥቀስና ማሻሻያውን ጠይቅ። ሲስኮ ለምሳሌ የአገልግሎት ውል የሌላቸው ደንበኞች በቴክኒክ ድጋፍ ማዕከሉ በኩል የደኅንነት ማሻሻያ የሚጠይቁበት አሠራር አለው። ከማይታወቅ ቦታ የወረደ ማሻሻያ ግን በፍጹም አትጫን። ጨርሶ የማይገኝ ከሆነ ሰርቨሩን ከኢንተርኔት ለይተህ፣ ኮንሶሉ ከአንድ የአድሚን ማሽን ብቻ እንዲከፈት አድርገህ፣ ኤጀንቶቹ ከውስጥ ብቻ እንዲደውሉ አድርገህ አቆየው። ያም ካልተቻለ አጥፋው። ያልተሻሻለ ማኔጅመንት ሰርቨር ለዓለም ከፍቶ ከማስቀመጥ ለጥቂት ሳምንት ያለ እሱ መቆየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ለአለቃህ ረጅም ማብራሪያ አታቅርብ። ሦስት ነገር ብቻ በጽሑፍ ላክለት፦ ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን፣ ክፍተቱ ሎጊን እንደማይፈልግ፣ ሰርቨሩ ስንት ማሽን እንደሚቆጣጠር። ከዚያ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚያቋርጥ ንገረው። አብዛኛውን ጊዜ አለቃ የሚፈራው ክፍተቱን ሳይሆን ሥራ መቆሙን ነው። «ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ይቋረጣል» ካልከው ይፈቅዳል።

ፍተሻው ላይ ምልክት ካገኘህ ግን ቅዳሜን አትጠብቅ። ሰርቨሩን ከኔትወርኩ ንቀለው፤ ኤሌክትሪኩን ግን አትንቀል፣ ሜሞሪው ላይ ያለው ይጠፋል። አጽድተህ ልትቀጥልበትም አትሞክር። ዲስኩን ሙሉ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥና አዲስ ሰርቨር ላይ ከባዶ ጫን። ባክአፑን ስትመልስ ጥቃቱ ከተጀመረበት ቀን በፊት ያለውን ተጠቀም። በኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሥር ላለው የሳይበር አደጋ ምላሽ ቡድን ኢትዮ-ሰርትም አሳውቅ፤ ከሎጉ ላይ ያገኘሃቸውን የአጥቂ አይፒ አድራሻዎችና ሰዓቶች ጨምረህ ላክ። የምርቱን ስምና የቨርዥን ቁጥሩን እዚሁ ብትጽፍልኝ ማስታወቂያውን አብረን እናየዋለን። የድርጅታችሁን ስምና አይፒ ግን አትጻፍ።